ካርዱን እንደ ወርቅ መዝኑት፦ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ኢንቦክሳችን ውስጥ ተደጋግሞ ከሚመጣው ጥያቄ አንዱ ይሄ ነው፦ «ፒያሳ አንድ ግራፊክስ ካርድ አየሁ፣ ዋጋው ይሄን ያህል ነው አሉኝ፣ ልግዛው?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ስንመልስ ከርመናል። ዛሬ ሁሉንም በአንድ ላይ አቅርበነዋል። ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጉትና ሱቅ ስትሄዱ ክፈቱት።

መጀመሪያ የራሳችንን ሽወዳ እንንገራችሁ። ከእኛ አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወራት ያጠራቀመውን ብር ይዞ ሄዶ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጂቢ» የሚል ካርድ ገዛ። ካርቶኑ አዲስ፣ ስቲከሩ የሚያብለጨልጭ፣ ሻጩም ጨዋ ሰው። ቤት ገብቶ ሲሰካው ዊንዶውስ ራሱ ስሙን «1050 ቲአይ» ብሎ አነበበለት። ጌም ሲከፍት ግን ስክሪኑ ይጠፋል። በኋላ ሲፈተሽ ካርዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጂቲኤስ 450 ሆኖ ተገኘ። ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ተቀይሮ ስሙን እንዲዋሽ ተደርጓል። ወደ ሱቁ ሲመለስ ደረሰኝ የለም፣ «ዋስትና አለው» የተባለውም በአፍ ብቻ ነበር። ብሩ እዚያው ቀረ።

ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ «ያምራል» ብሎ ብቻ ብር የሚቆጥር ሰው የለም። ወርቁ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ ካራቱ ይጠየቃል፣ የዕለቱ የግራም ዋጋ ይታወቃል፤ ክርክሩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ካርድ ስንገዛ ግን ሳንመዝን ከፍለን እንወጣለን። የዛሬው ጽሑፍ ሚዛኑን እጃችሁ ላይ ለማስቀመጥ ነው።

1. ካርዱ ሳይለወጥ ዋጋው ለምን ናረ?

ጂቲኤክስ 1650 ገበያ ላይ የወጣው ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ነው። የመነሻ ዋጋው 149 ዶላር ነበር። ያኔ የባንክ ምንዛሪ 29 ብር ገደማ ስለነበር 149 ዶላር ማለት 4,300 ብር አካባቢ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያ በኋላም መውጣቱን ቀጠለ። ለሂሳብ እንዲመቸን በዚህ ጽሑፍ 1 ዶላር 150 ብር ነው ብለን እናስላ። ያው 149 ዶላር አሁን 22,350 ብር ሆነ። ካርዱ አልተሻሻለም፤ እንዲያውም አርጅቷል። የተለወጠው የብሩ አቅም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ካርዱ እዚህ እስኪደርስ የአየር ጭነት ይከፈልበታል፣ ጉምሩክ አለ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ የነጋዴው ትርፍ አለ። ነጋዴው ዶላሩን ያገኘበት ዋጋ ደግሞ ባንኩ ሰሌዳ ላይ ከምታዩት ሊበልጥ ይችላል። አንድ ካርድ ብቻ ሳይሸጥ ወራት ከተቀመጠ ኪሳራውን ሌላው ካርድ ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ «አሜሪካ 299 ዶላር ነው» ብሎ ብቻ መከራከር አያዋጣም።

ሦስተኛው የዓለም ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ድረስ የኢቴሪየም ማይኒንግ እና የቺፕ እጥረት ተደርበው ካርድ ከመነሻ ዋጋው እጥፍ ሲሸጥ ነበር። መስከረም 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም አሠራሩን ቀይሮ በካርድ ማይን መደረጉ አከተመ። ያኔ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ተጠርገው ወደ ሰከንድ ሃንድ ገበያ ገቡ። ዛሬም «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው ከሚሸጡት መካከል የእነዚህ ዘመዶች አሉ።

አንድ ነገር እናጥራ፦ «ካርድ የተወደደው እዚህ ሀገር ቢትኮይን ስለሚወጣ ነው» የሚል ወሬ ይደርሰናል። ልክ አይደለም። ቢትኮይን የሚወጣው ኤሲክ በሚባል ለዚያ ብቻ በተሠራ ማሽን ነው፤ ግራፊክስ ካርድ አይጠቀምም። አሁን ዋጋ የሚገፋው ኤአይ ነው። የኤአይ ዳታ ሴንተሮች የሚሞሪ ቺፕ እየጠረጉ ስለሚወስዱ ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ደረጃ ዘሏል። ካርድም ውስጡ ሚሞሪ ስላለው ከዚህ አያመልጥም።

2. ሻጩ ፊት ቆማችሁ የምትሠሩት ሂሳብ

የተጠየቃችሁትን ብር ለዕለቱ ምንዛሪ አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር በእውነት የምትከፍሉት ዶላር ነው። ከዚያ ካርዱ ሲወጣ ከነበረው ዋጋ ጋር አስተያዩት። በብዛት የምትጠይቁን እነዚህ ናቸው፦

▪️ አርኤክስ 580፣ 8 ጂቢ (እ.ኤ.አ. 2017)፦ 229 ዶላር
▪️ ጂቲኤክስ 1650፣ 4 ጂቢ (2019)፦ 149 ዶላር
▪️ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ 6 ጂቢ (2019)፦ 229 ዶላር
▪️ አርቲኤክስ 3060፣ 12 ጂቢ (2021)፦ 329 ዶላር
▪️ አርኤክስ 6600፣ 8 ጂቢ (2021)፦ 329 ዶላር
▪️ አርቲኤክስ 4060፣ 8 ጂቢ (2023)፦ 299 ዶላር
▪️ አርቲኤክስ 3050፣ 6 ጂቢ (2024)፦ 169 ዶላር
▪️ አርቲኤክስ 5060፣ 8 ጂቢ (2025)፦ 299 ዶላር

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ያገለገለ አርኤክስ 580 በ40,000 ብር አቀረበላችሁ እንበል። 40,000 ለ150 ሲካፈል 267 ዶላር ገደማ ነው። ይህ ካርድ በ2017 አዲሱ 229 ዶላር ነበር። ማለትም ብዙ ዓመት ለሠራ ካርድ ከአዲሱ የመነሻ ዋጋ በላይ ልትከፍሉ ነው። ላሽ በሉት።

በሌላ በኩል አዲስ አርቲኤክስ 5060ን እንይ። 299 ዶላር ላይ 15 በመቶ ታክሱን ብቻ ስንጨምር 344 ዶላር ይሆናል፤ በእኛ ስሌት 51,600 ብር ገደማ። ይህ ጭነት፣ ሌላ ቀረጥ እና ትርፍ ሳይገባ ነው። ስለዚህ አዲስ የታሸገ ካርድ ከዚህ በላይ ቢጠየቅ አትደንግጡ። ከዚህ በጣም ወርዶ «ፓክድ ነው፣ ለቸኮለ» ከተባላችሁ ግን ያኔ ደንግጡ።

የእኛ ሕግ አጭር ነው፦ አዲስ ካርድ ከመነሻ ዋጋው በላይ ቢሆን ምክንያት አለው። ያገለገለ ካርድ ከመነሻ ዋጋው በላይ ከሆነ ምክንያት የለውም።

3. ከካርዱ በፊት ስክሪናችሁን እዩ

ካርድ የሚሠራው ለስክሪናችሁ ነው። ቤት ያለው ስክሪን 1080 ፒ፣ 60 ኸርዝ ከሆነ በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል አያሳይም። ካርዱ 200 ቢያወጣም ዓይናችሁ የሚያየው ያንኑ 60ውን ነው። ለዚህ ስክሪን ውድ ካርድ መግዛት በታክሲ መንገድ ላይ የውድድር መኪና መንዳት ነው።

ቀጥሎ ጌማችሁን ጠይቁ። ቫሎራንት፣ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ዶታ 2 የሚደገፉት ከካርድ ይልቅ በፕሮሰሰር ነው፤ መካከለኛ ካርድ ይበቃቸዋል። ጂቲኤ 5 ለፒሲ የወጣው በ2015 ነው፤ ጂቲኤክስ 1650 ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። አዳዲሶቹ ትልልቅ ጌሞች ግን 8 ጂቢ የካርድ ሚሞሪ መጠየቅ ጀምረዋል።

«ለጂቲኤ 6 ነው የምገዛው» ለምትሉ፦ ሮክስታር ይፋ ያደረገው ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ነው፤ ለፒሲ የቆረጠው ቀን የለም። ላልመጣ እንግዳ በግ አይታረድም።

ሌላም አለ፦ ካርድ ፒንግ አይቀንስም። ኦንላይን ስትጫወቱ የሚያንቀረፍፋችሁ ኢንተርኔቱ ከሆነ የ100,000 ብር ካርድም አያድናችሁም። ጌሙ ውስጥ የፒንግ እና የፍሬም ቁጥር የሚያሳየውን ሴቲንግ አብሩት። ፍሬሙ ጥሩ ሆኖ ፒንጉ ከፍ ካለ ችግሩ ካርዱ አይደለም፤ ብራችሁን አታባክኑ።

4. አብዛኞቻችን ያለን ማሽን፦ ሪፈርቢሽድ የቢሮ ኮምፒውተር

እውነቱን እናውራ። አዲስ አበባ ውስጥ ጌም የሚጫወት ወጣት አብዛኛው አዲስ ማሽን አልገጣጠመም። ያለው ከውጭ ቢሮዎች ወጥቶ የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ነው። ለብር ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። ግን ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር ተመልከቱ።

▪️ መጠኑ። ሦስት ዓይነት ነው፦ ትልቁ ታወር፣ ቀጭኑ፣ እና መጽሐፍ የሚያህለው ትንሹ። ትንሹ ላይ ካርድ አይገባም፤ እርሱት። ቀጭኑ ላይ የሚገባው ቁመቱ ግማሽ የሆነ «ሎው ፕሮፋይል» ካርድ ብቻ ነው። መደበኛ ካርድ የሚገባው ታወሩ ላይ ነው፤ እሱም ርዝመቱ በሜትር ተለክቶ።

▪️ ፓወር ሰፕላዩ። የቢሮ ማሽኖች ከ200 እስከ 260 ዋት ገደማ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ይዘው ነው የሚመጡት። ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ ብዙ ጊዜ የላቸውም። ማዘርቦርዱ ራሱ ለካርዱ መስጠት የሚችለው እስከ 75 ዋት ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ማሽኖች የምትፈልጉት ከ75 ዋት የማያልፍ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ልቀይር ካላችሁም ተጠንቀቁ፤ የዴል እና የኤችፒ መሰኪያ ብዙ ጊዜ ከተለመደው ይለያል፣ አስማሚ ገመድ ይፈልጋል።

▪️ ፕሮሰሰሩ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ኢንቴል ጀምሮ ነው። ቫሎራንት ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ካልበራ አይከፈትም። አሁን ማሽን የምትገዙ ከሆነ እንደ ኦፕቲፕሌክስ 7060 ወይም ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 ያለ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፈልጉ። 4ኛ ትውልድ ላይ አርቲኤክስ 4060 መሰካት ቪትዝ ላይ የአውቶብስ ሞተር እንደመጫን ነው።

▪️ ራሙ። 8 ጂቢ በአንድ ስትሪፕ ከሆነ ሌላ 8 ጨምሩና በሁለት አድርጉት። ሁለት ስትሪፕ በጋራ ሲሠራ ፕሮሰሰሩ በእጥፍ መንገድ ያገኛል። ካርድ ሳይገዙ ይህን ብቻ አድርገው ጌሙ የተስተካከለላቸው አሉ።

5. የቱ ካርድ ለማን?

ቀጭን የቢሮ ማሽን ላላችሁ፦ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጂቢው (70 ዋት) እና ጂቲኤክስ 1650 (75 ዋት) በሎው ፕሮፋይል ይገኛሉ። 3050 ላይ ጥንቃቄ፦ ባለ 8 ጂቢው ሌላ ካርድ ነው፣ ገመድ ይፈልጋል። 1650ም አንዳንዱ ገመድ የሚጠይቅ አለ፤ ካርዱ ጫፍ ላይ መሰኪያ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። አርኤክስ 6400 53 ዋት ብቻ ስለሚበላ ይመርጡታል፤ ግን በቆየ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነት ያጣል፣ ቪዲዮ በመቅረጽም አይረዳም። ስትሪም ለምታደርጉ አይሆንም።

ታወር ያላችሁና ፓወር ሰፕላይ የቀየራችሁ፦ አርኤክስ 6600 (132 ዋት) እና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር (125 ዋት) ለ1080 ፒ ጥሩ ናቸው። አርቲኤክስ 4060 115 ዋት ብቻ እየበላ ከሁለቱም ይበልጣል። አርቲኤክስ 3060 170 ዋት ይፈልጋል፣ ኤንቪዲያም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ጥቅሙ 12 ጂቢ ሚሞሪው ነው።

ጌም ብቻ ሳይሆን ሥራም ለምትሠሩ፦ ኤዲተሮች፣ ብሌንደር የምትነኩ፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች፣ ኤንቪዲያ ብታደርጉ ይሻላል። ብዙ ፕሮግራሞች የተጻፉት ለኤንቪዲያው ኩዳ ነው። ለጌም ብቻ ከሆነ ግን በስም አትታሰሩ፤ ኤኤምዲ ብዙ ጊዜ በዚያው ብር የተሻለ ፍሬም ይሰጣችኋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ «4 ጂቢ ነው» የሚለው ቃል አይሸውዳችሁ። ጂቲ 730 የሚባለው ካርድ 4 ጂቢ ሆኖ ይሸጣል፣ ጌም ግን አይችልም። ሚሞሪ የጓዳው ስፋት ነው፤ ምግብ የሚያበስለው ቺፑ ነው። ሁለተኛ፣ ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 900 እና 1000 ቤተሰብ (1050 ቲአይ፣ 1060፣ 1070፣ 1080) አዳዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ነው የሚቀጥለው። ዛሬ ያሉት ጌሞች ይሠራሉ። ግን በአዲስ ዋጋ ልትገዟቸው አይገባም። የ1600 ቤተሰብ አሁንም ድጋፍ አለው።

6. የሚዋሹ ካርዶች

▪️ ስሙ የተቀየረ። የእኛን ልጅ የሸወደው ዓይነት። አሮጌ ቺፕ የአዲስ ስም ይሰጠዋል። ምልክቱ፦ «1050 ቲአይ» ተብሎ ጀርባው ላይ ቪጂኤ የሚባለው ሰማያዊ መሰኪያ ካለ ጠርጥሩ። እውነተኛዎቹ ቪጂኤ የላቸውም።

▪️ አርኤክስ 580 2048ኤስፒ። ይህ ሐሰተኛ አይደለም፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። ግን ውስጡ በተግባር አርኤክስ 570 ነው፤ ሙሉው 580 2304 ኮር አለው። በ580 ዋጋ አትግዙት።

▪️ ፒ106-100። ለማይኒንግ የተሠራ ጂቲኤክስ 1060 ነው። ስክሪን የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። «በርካሽ 1060» ከተባላችሁ መጀመሪያ ጀርባውን አዙሩት።

▪️ የላፕቶፕ ስም። «ላፕቶፑ አርቲኤክስ 3060 አለው» ሲባል የዴስክቶፑን 3060 አትጠብቁ። የላፕቶፑ 6 ጂቢ ነው፣ ዋቱም እንደ ላፕቶፑ ይለያያል። አንድ ስም ይዘው አንዱ ላፕቶፕ ከሌላው በብዙ የሚፈጥነው ለዚህ ነው። ሻጩን «ስንት ዋት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

7. የ30 ደቂቃ ፍተሻ

ሱቅ ስትሄዱ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ውስጡ ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች ይኑሩ፦ ጂፒዩ-ዜድ እና ፈርማርክ። የካርዱን ድራይቨርም ቤት አውርዳችሁ ጨምሩ፤ የሱቁን ኢንተርኔት አትጠብቁ።

ሀ) ካርዱን ሳይሰካ በእጅ ያዙት። የተላጠ ብሎን ካለ ተከፍቷል ማለት ነው። መክፈት በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ግን ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። ወርቃማ ጥርሶቹ የተቃጠለ ወይም የዛገ ነገር አላቸው? ሽታውስ?

ለ) ሰክታችሁ ጂፒዩ-ዜድን ክፈቱ። ለሚያውቃቸው ሐሰተኛ ካርዶች ስሙ ላይ «ፌክ» ብሎ ይጽፋል። የኮሩን ቁጥር፣ የሚሞሪውን መጠን እና ዓይነት ስልካችሁ ላይ ከምታገኙት ትክክለኛ መረጃ ጋር አነጻጽሩ።

ሐ) ፈርማርክን 15 ደቂቃ አስኬዱ። ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ በላይ ከወጣ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ፣ ማሽኑ ከጠፋ፣ ካርዱን አትግዙ። «ድራይቨር ነው» ይሏችኋል። ድራይቨር ከሆነ እነሱ ያስተካክሉትና ተመለሱ።

መ) ሁሉንም የስክሪን መሰኪያዎች ሞክሩ። አንዱ ብቻ የሚሠራ ካርድ ብዙ ነው። ፋኖቹን አድምጡ፤ የሚያንቋርር ድምፅ ካለ ቢያንስ ዋጋ ይቀነስ።

ሻጩ «እኛ ፈትሸነዋል፣ መፈተሽ አያስፈልግም» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። ወርቅ ቤት «ሚዛን አያስፈልግም» ቢሏችሁ ምን ታደርጉ ነበር?

8. ደረሰኝ፣ ዋስትና እና ቴሌግራም

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳ ብዙ ነባር ሱቆቿ ፈርሰዋል፤ ነጋዴዎቹም ወደየሰፈሩ ተበትነዋል። አባቶቻችን «እዚያ ሱቅ ገዝቼው ነበር» ብለው የሚመለሱበት ቦታ ዛሬ መንገድ ወይም መናፈሻ ሊሆን ይችላል። ገበያው ግማሹ ወደ ቴሌግራም የሄደውም በከፊል በዚህ ነው። ስለዚህ «ሰውየውን አውቀዋለሁ» ዋስትና መሆኑ ቀርቷል። ወረቀት ያስፈልጋል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መብቱ ግን ያለ ደረሰኝ ባዶ ነው፤ ጊዜም አይጠብቅም። ችግር ካያችሁ በዚያው ቀን ተመለሱ። ደረሰኙ ላይ «ግራፊክስ ካርድ» ብቻ አይጻፍ፦ ሙሉ ስሙ፣ ጂቢው እና ካርዱ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር ይጻፍ። «ያለ ደረሰኝ እቀንስልሃለሁ» ሲሏችሁ የቀነሱላችሁ መብታችሁን ነው።

ከግለሰብ ስትገዙ ደግሞ፦ ቀብድ አትላኩ። በቴሌብር የተላከ ብር «ተሳስቼ ነው» ቢሉት ቀላል ሆኖ አይመለስም። ማሽን ያለበት ቦታ ተገናኙ፣ ሰክታችሁ እዩ፣ ከዚያ እዚያው ክፈሉ። ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩን ስም እና ስልክ፣ የካርዱን ሲሪያል ቁጥር በወረቀት ተፈራረሙ። ንጹሕ ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

ውጭ ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ሌላ ነገር አስቡ፦ የአምራቹ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ በተገዛበት ሀገር ነው የሚሠራው። ካርዱ እዚህ ከተበላሸ መልሶ መላኩ ሌላ ወጪ ነው። ዘመዳችሁ ከመሳፈሩ በፊት እዚያው ሰክቶ ይሞክረው፣ ደረሰኙንም ይዞ ይምጣ። ጉምሩክ ላይም ይጠቅማል።

9. መብራቱን ሳትረሱ

ካርድ የሚገድለው ጌም አይደለም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚዘለው ቮልቴጅ ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ የመጀመሪያው ጋሻ ነው። በ30,000 ብር ካርድ እና በማይታወቅ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ መጫወት በሳር ቤት ውስጥ ሻማ ለኩሶ መተኛት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት ብቻ አትመኑ፤ «80 ፕላስ» የሚል ምልክት ያለው፣ ስሙ የታወቀ ይሁን።

ቀጥሎ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ። ዩፒኤስ ላይ 650 ቪኤ ተብሎ ከተጻፈ 650 ዋት ማለት አይደለም፤ በዋት ብዙ ጊዜ ከ400 በታች ነው። ዩፒኤስ የሚጠቅማችሁ ጌሙን ለመጨረስ ሳይሆን ማሽኑን በሰላም ለማጥፋት ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ይህ ነፃ ነው።

መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት ሰፈር ለምትኖሩ፣ ወይም ማሽኑን ይዛችሁ ለምትንቀሳቀሱ ተማሪዎች፣ ላፕቶፕ ባትሪው ብቻውን ምክንያት ነው። ቋሚ ቦታ ላላችሁ ግን ዴስክቶፕ በዚያው ብር የበለጠ አቅም ይሰጣል፣ ሲበላሽም አንድ ዕቃ ብቻ ትቀይራላችሁ።

10. ብር የምታወጡበት ቅደም ተከተል

ብዙዎቻችሁ በጀታችሁን ሙሉ ካርዱ ላይ ትጨርሱና ማሽኑ ይቀራል። የእኛ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦

1ኛ፦ ያላችሁን ማሽን እወቁ። ሞዴሉን፣ ዋቱን፣ የኬዙን መጠን ጻፉ።
2ኛ፦ ራሙን ሁለት ስትሪፕ፣ በድምሩ 16 ጂቢ አድርሱ። ሃርድ ዲስክ ካላችሁ ወደ ኤስኤስዲ ቀይሩ።
3ኛ፦ ጌሙን እንደገና ሞክሩ። ከበቃችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፣ ብራችሁን አስቀምጡ።
4ኛ፦ ካልበቃ ፓወር ሰፕላዩ የሚችለውን ካርድ ብቻ ፈልጉ።
5ኛ፦ ዋጋውን በዶላር አካፍላችሁ አወዳድሩ፤ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ።
6ኛ፦ ፈትሹ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ከዚያ ክፈሉ።

ሦስተኛው ላይ ያቆመ ሰው ተሸነፈ ማለት አይደለም። እንዲያውም አሸናፊው እሱ ነው። ዕቃው በዶላር እየተመነ ደሞዛችን በብር በሚከፈልበት ጊዜ ያልተገዛ አላስፈላጊ ካርድ ትልቁ ቅናሽ ነው።

ጣሊያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪወስደው ድረስ የከተማዋ ዋና ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ አራዳ ላይ ነበር። ስሙ ዛሬ ለክፍለ ከተማው ብቻ ሳይሆን ነቄ ለሆነ ሰው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ፍላሻችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ካልኩሌተራችሁን አውጡ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። ሻጩ ፈገግ ብሎ «አንተ አራዳ ነህ» ካላችሁ ልክ ገዝታችኋል።

ካርድ ለመግዛት እያጠራቀመ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ላኩለት። ከከፈለ በኋላ ቢያነበው አይጠቅመውም።